ወንፊት

ከሞጣ መናኸሪያ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣
ሐምሌ ጣራውን ሲደልቀው፣ ቆርቆሮው ሲደበደብ፣
መብራት ሁለቴ ሄዶ፣ ሁለቴ ተመልሶ፣
ጋሽ ሞኙሆዴ ገቡ፣ ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ፤
ከቀራንዮ ናቸው።

ከደረት ኪሳቸው ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ውስጥ ወረቀት፣
ከወረቀቱ መታወቂያ፣ ከመታወቂያው አንዲት ሴት፤
ጥፍር የምታህል ፎቶ፣ ማኅተም ጥጓን የነካት፣
ብልጭታው ድንገት ሲበርቅ ልትጨፍን የቀራት ጥቂት።

«እንጉዳይ ናት» አሉኝ። «ተዝካሯ ለጥቅምት ነው።
ግድግዳ ታህል አርጊልኝ፤ ትችላለች ብሎኛል ሰው።»

ስካን አደረግሁ። ሳሰፋት፣ ሳሰፋት ፊቷ ተበተነ፤
ከቅርብ ሲያዩት ጉንጭ አይደል፣ አውድማ ላይ ያለ ጤፍ ሆነ፣
ነጭና ጥቁሩ ሰርገኛ፣ ካፈር የተቀላቀለ፤
የቱ እሷ፣ የቱ ትቢያ እንደሆን የሚነግረኝ ሰው የለ።

ኖይዝ ይሉታል፤ ጫጫታ። ፎቶ አፍ የለው፣ ምን ይጮኻል?
ስማር ስቄበት ነበር። ዛሬ ግን ሳየው ይሰማኛል፦
ያ ቀበሌ፣ ያ ረጅም ሰልፍ፣ ያ «ቀና በይ! ዝም በይ!» ባይ
ይንጫጫል እንደ ገበያ ከጉንጯ ቅንጣቶች ላይ።

ፕለጊን አለኝ፤ ባንድ ፍላሽ ከባሕር ዳር የመጣ፣
ወንፊት ነው፤ ዘንጉን ስስበው ግርዱን ከምርቱ የሚያወጣ።
ሠላሳ ላይ አቧራው ረጋ። ሃምሳ ላይ ግንባሯ ጠራ።
ሰማንያ ላይ ፊቷ ሁሉ እንደ ታጠበ ሸክላ አበራ፤
መስመር የለው፣ ማዲያት የለው፤ የአንገቷ ንቅሳት ሟሟ፤
ቆዳ ብቻ ቀረ፤ ሄደች ከነዕድሜዋ፣ ከነስሟ።

ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ? «እሰይ እጄ!» አልሁ በሆዴ፤
ስክሪኑን አዞርሁላቸው። ዝም አሉ ጋሽ ሞኙሆዴ።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?»

ከዚያ በጣታቸው፣ መስታወቱን ሳይነኩ፣ እየፈሩ፣
የሌለውን ሁሉ በየቦታው እየጠቆሙ ነገሩ፦
«እዚህ ጋ የፈንጣጣ ጠባሳ፣ ሦስት፣ እንደ ጉልቻ ተቀምጦ፤
እዚህ የሳቋ መስመር፣ ስትቆጣም የማይጠፋ ከቶ፤
እዚህ ንቅሳቷ፤ አምስተኛው ዙር ጎዶሎ፣
መርፌው ሲያማት እግሯ ሮጦ፣ ነቃሿን ባዶ እጅ ጥሎ።»

ዘንጉን ወደ ግራ መለስሁ። ጤፉ ተመልሶ ዘነበ።
አርባ… ሃያ አምስት… አሥራ ስምንት። ጠባሳው ተሰበሰበ።
እዚያ ላይ ቆምሁ። ዓይኗን ለብቻ አጠራሁ፤ አንገቷን ከልዬ ተውሁት፤
ከፀጉሯ ሥር የበቀለውን ቀይ ነጠብጣብ ለቀምሁት።
ሥራው እንዲህ ነው፤ እንደ አረም፣ ጎንበስ ተብሎ፣ በእጅ፤
ወንፊት ዓይኑ አንድ ልክ ነው፤ አይለይም ባዳ ከወዳጅ።

ሲያልቅ አንዲት ነጥብ ቀረች፣ ከከንፈሯ በላይ፣ ጥቁር፤
ማርያም የሳመቻት መስሎኝ ሳልነካት ያለፍኋት በክብር።
«እሷማ ቀለም ናት» አሉ፤ «የጸሐፊው እጅ አስቶት፣
ከማኅተሙ ተፈናጥራ።» ላጠፋት ስል ግን «ተይ! ተያት።

ሃያ ሦስት ዓመት ከኪሴ እያወጣሁ ሳያት፣ ሳያት፣
እሷም የእንጉዳይ ሆናለች።»

ከጎን ወፍጮው ተነሣ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ።
ዱቄት በመስኮት ገብቶ ስክሪኑ ላይ ተቀመጠ።

ሴቭ አልሁ፣ መብራት ሳይቀድመኝ። ለፋይሉ ስም ስጪው አለኝ፤
«እንጉዳይ፣ አሥራ ስምንት» ብዬ ጻፍሁ፤ የዘንጉ ልክ እንዳይጠፋኝ።
ጋሽ ሞኙሆዴ በትከሻዬ በኩል፣ ፊደል በፊደል አንብበው፣
«የለም» አሉ፣ «ተሳስተሻል፤ ያኔ ሃያ ስድስቷ ነው።»